አርባ እርምጃ

በየሳምንቱ ማክሰኞ ቁጥር ስድሳ ሁለት የሚል ጨርቅ የተሰካባቸው አምስት ነጫጭ ሸሚዞችና ሁለት ቱታዎች ከማጠቢያው ክፍል ይወጡና ካውያ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳሉ። ካውያ የዕቃው ስም ብቻ አይደለም፤ የተኳሿም ቅጽል ስም ነው። በዚያ ላውንደሪ አሥራ አንድ ዓመት ቆማ ስትተኩስ ስለኖረች፣ ደግሞም አንዴ ከጋለች በዋዛ ስለማትበርድ ባልደረቦቿ አወጡላት፤ እሷም አልጠላችውም። ስድሳ ሁለትን ስታይ ጥርሷን ትነክሳለች፣ በእንፋሎቱ መሐል ግራና ቀኟን ትቃኛለች፣ ከዚያ ቀኝ እግሯን ከመሬት ታነሳና በግራዋ ብቻ ትቆማለች።

ኮሌታው ሲተኮስ ተረከዟን አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ። ለእያንዳንዱ እጅጌ አሥር፣ ለጀርባው አሥር። "ልበስ! አቆሽሽ! አምጣ!" ትለዋለች ባለቤቱን በሆዷ። በገዛ ሸሚዙ እግሯን አጠንክራ ጉድ ልትሠራው ነው።

አንድ ቀን የላውንደሪው አለቃ ደረሰባትና "አንቺ፣ ሽመላ ሆንሽ እንዴ?" አላት።

"እግሬ ደንዝዞ ነው ጋሼ።"

"ሁልጊዜ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የሚደነዝዘው?"

ወደ ሌላው እጅጌ ዞረች። እሱም ሥራዋ እንከን ስለማይወጣለት ትቷት ሄደ።

ሸሚዙን ማቃጠልማ ቀላል ነበር። ካውያውን ደረቱ ላይ ትንሽ ማቆየት ብቻ ነው የሚጠይቀው። አንዴ ሞክራውም ታውቃለች፤ አስቀመጠችና መቁጠር ጀመረች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ላይ አነሳችው። ለዚያ ሰውዬ የተቃጠለ ሸሚዝ አይበቃውም፤ ሸሚዝ እንደሆነ ሌላ ይገዛል።

ሰውየው ፊሽካ ይባላል። እሱም እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ የሠፈሩን የሩጫ ክበብ ያሠለጥናል፤ ፊሽካ ከአንገቱ ወርዳ አታውቅም። ክበቡ የሠራተኛ ክበብ ነው። ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ የባንክ ዘበኛው፣ ሁሉም ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ጠዋት ሜዳው ላይ ተሰብስቦ እሱ ሲነፋ ይዞራል፤ እሱ ሲነፋ ይቆማል።

የክበቡ ደንብ አጭር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሃያ ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ አለ። ፊሽካ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ሰዓቱን ይዞ ይቆማል። ከሴቶቹ በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ውስጥ የገቡት በገቡበት ተራ ይሰለፋሉ፤ እሱም ጥቁር ሽፋን ባለው ደብተሩ ላይ ስማቸውን አንድ በአንድ በገዛ እጁ ይጽፋል። አርባዋ ደቂቃ ስትሞላ ሰዓቱን ጠቅ አድርጎ ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ የምትመጣዋ አንድ ሰከንድም ትዘግይ አንድ ሰዓት፣ ለእሱ ሯጭ አይደለችም፤ "መንገደኛ ናት" ይላል። ካውያ በዚያ ደብተር ላይ ስድስት ዓመት ተከታትላ ተጽፋለች። እንዲያውም አንድ ጊዜ በአንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ገብታ ፊሽካ ራሱ ቅንድቡን ከፍ አድርጎላት ነበር፤ ከእሱ ያ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው ነገሩ የተበላሸው። ከግራ ተረከዟ በላይ ያለው ጅማት ያማት ጀመር፤ ነገረችው። "ህመም የሰነፍ ሰበብ ነው" አላት። በሳምንቱ ትኩሳትም ተጨመረባት፤ አሁንም ነገረችው። "በላብ ይወጣል፤ ዙሪ!" ብሎ ፊሽካዋን ነፋ። ዞረች። በአራተኛው ዙር ጅማቱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ድምፁን ከሜዳው ማዶ ቆመው የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሰምተውታል።

ጅማቱ ተሰፋ፤ እግሯ ጀሶ ገባ። ያ ችላ የተባለ ትኩሳት ደግሞ ሳንባዋ ላይ ወርዶ የሳንባ ምች ሆነና ለሁለት ሳምንት ሆስፒታል አስተኛት። ትንሽ ሻል ሲላት በምርኩዝ ወደ ሜዳው ሄደች። መሮጥ እንደማትችል ታውቃለች፤ ቁጭ ብላ ልታይ፣ የጓደኞቿን ድምፅ ልትሰማ ብቻ ነው የሄደችው። ፊሽካ አያት። ሠላሳ ሰው በቆመበት ደብተሩን አወጣ፣ ከሸሚዙ ኪስ ቀይ እስክሪብቶ መዘዘ፣ ስሟ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰምሮ ሰረዘው።

"አንቺ አልቆልሻል" አላት። "ካውያሽን ያዢ።"

አንድ ሰው ሳቀ፤ የቀሩት ጫማቸውን አዩ። የዚያች እስክሪብቶ ነጠብጣብ እስከ ዛሬ ከአምስቱ ሸሚዞች በአንደኛው ኪስ ላይ አለች፤ በምንም ሳሙና አልለቅ ብላለች። ካውያ በየማክሰኞው ታገኛታለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ያ ሰውዬ በዚያው ደብተር፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ በዚያችው ቀኝ እጁ ስሟን መልሶ ይጻፍ። ይቅርታ እንዲጠይቃት አልፈለገችም። ይቅርታማ አፍ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ተናግሮት እፎይ ብሎ ይሄዳል። እሷ እፎይ እንዲል አትፈልግም።

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛም ቢሆን መናገር ይሆንላታል። "ቆይ፣ ይህን ሁሉ ቂም የት ልታስቀምጪው ነው?" አለቻት አንድ ቀን። "ቤታችን እኮ ሁለት ክፍል ነው።"

ጀሶው እንደወጣ ካውያ ጨርቄን ማቄን ሳትል ሮጠች። በአራተኛው ቀን እግሯ አበጠ፤ በአሥረኛው ቀን ሳሏ ተመልሶ አልጋ ላይ ጣላት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የተላከችው። ባለሙያዋ ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ የሰው ቁጣ የማያስደነግጣት ሴት ናት። ወረቀት አወጣችና ጻፈች። ዘጠኝ ደቂቃ እርምጃ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፤ በሳምንት ሦስት ቀን። ደህና ከሄደ ሶምሶማው ላይ አንድ ደቂቃ ይጨመራል፤ ከእርምጃው አንድ ይቀነሳል። ትኩሳት ከመጣ ሁሉም ይቆማል፤ ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላም ሰባት ቀን ተጠብቆ ከሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ይጀመራል።

ካውያ ወረቀቱን አይታ ደሟ ፈላ። "አንድ ደቂቃ? እኔ እኮ ሃያ ኪሎ ሜትር የምሮጥ ሰው ነኝ!"

"ነበርሽ።"

"ደግሞ አንቺም!"

"ማንን ነው እንዲህ የምታሳድጂው?" አለቻት ባለሙያዋ፣ ቁርጭምጭሚቷን እያሸች።

"አንድ ሰውዬ አለ።"

"ቂምሽን ተይው አልልሽም፤ የኔ ሥራ እግርሽ ነው። ግን ቂምሽ ከፊት ሆኖ አይምራሽ። ከኋላ ይከተልሽ።"

ካውያ እሺ ብላ ወጣች፤ እሺታዋ ግን የቆየው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። አንድ ጠዋት የአንድ ደቂቃ ሶምሶማዋን ስትጀምር ፊሽካ መንጋውን አስከትሎ ከኋላዋ መጣ። አያት። ፊሽካዋን ነፋና "ለመንገደኛ መንገድ ልቀቁ!" አለ። ካውያ ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አታስታውስም። ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ ተከትላቸዋለች። በማግስቱ ጫማ ማጥለቅ አቃታት፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ እንደገና ያው አልጋ።

"ወይ ጉድ!" አለች እህቷ ቴርሞሜትሩን እያየች። "ሰውየው እጁን እንኳ ሳያነሳብሽ በአንዲት ፊሽካ ብቻ አልጋ ላይ ጣለሽ።"

ይህች ቃል ከበሽታው የባሰ አቃጠለቻት። እውነት ናት እኮ። በተናደደች ቁጥር የምትወድቀው እሷ ናት፤ እሱ ሸሚዙን አስተኩሶ ይሄዳል። ካውያ አሥር ቀን ጣራውን ስታይ ሰነበተችና ቂሟን አጣጥፋ አስቀመጠችው። ማጣጠፍ ደግሞ ሥራዋ ነው፤ ስታጣጥፍ ሽብሽብ አትተውም።

እንደገና ከአንድ ደቂቃ ጀመረች። ሰው ሲያልፋት ዝም፤ አሮጊት ዘንቢል ይዛ ስትቀድማት ዝም። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ጉንፋን ያዛት፤ ወደ አንድ ወረደች። እንደገና ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ማክሰኞ ማክሰኞ የስድሳ ሁለት ሸሚዝና የግራ ተረከዝ። አምስት ደቂቃ ላይ ስትደርስ ሩጫው አምስት ወር ተኩል ቀርቶት ነበር፤ በጣቷ ቆጥራ እንደምትደርስ አወቀች።

ልክ ያኔ ሸሚዞቹ ቀሩ።

አንድ ማክሰኞ አልመጡም። ሁለተኛውም ባዶ ሆነ። በሦስተኛው ስድሳ ሁለት መጣ፤ ገና ሳይታጠብ ሲፈታ ግን አራት የአልጋ አንሶላና ሁለት ፒጃማ ነው። የፒጃማዎቹ ደረት በቀኝ በኩል ብቻ የሾርባ ጠብታ አለበት። ካውያ ግራ ገባት። እንግዳ መቀበያው ጋ ወጣች፤ የፊሽካ ሚስት ባንኮኒውን ተደግፋ ደረሰኝ ትጠብቃለች።

"እትዬ፣ ሸሚዞቹስ?"

"ምን ሸሚዝ አለ ልጄ! ወደቀብኝ እኮ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪሙ እንቅስቃሴ ይሥራ ብሎ ወረቀት ሰጥቶን ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። 'አልቆልኛል፤ ተዉኝ' ነው የሚለው።"

ሌላ ሰው ቢሆን እንባው ይመጣ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ "እሰይ፣ የእጁን አገኘ" የሚልም አይጠፋም። ካውያ ግን ከሁለቱም አልነበረችም። ደረቷ ውስጥ የጮኸው አንድ ቃል ነው፦ አመለጠኝ! ቀኝ እጁ! ስሟን የሚጽፈው እጅ! ሁለት ዓመት በአንድ እግር ቆማ ስትጠብቀው ሰውየው በአልጋ በኩል ሊያመልጥ!

"ቤታችሁ የት ነው?" አለች።

"ተባረኪ ልጄ፤ ጠያቂም ጠፍቶብን ነበር" አለች ሚስትየው። ካውያ አላረመቻትም።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ሄደች። ክፍሉ መድኃኒትና ያልተከፈተ መስኮት ይሸታል። ፊሽካዋ ከራስጌው ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች፤ ጥቁሩ ደብተር ኮመዲኖው ላይ አቧራ ጠጥቷል። ነጠብጣብ ያለባት ሸሚዝ በሩ ጀርባ ተሰቅላለች፤ ቀይ እስክሪብቶዋም ከነክዳኗ ኪሷ ውስጥ አለች።

"ማነው?" አለ ፊቱን ሳያዞር። ቃሉ የሚወጣው ከአፉ በአንድ ወገን ነው።

"ያለቀላት።"

ድምጿን አወቀው። "ልትስቂ መጣሽ።"

"ለሳቅ ገና ነው። ሩጫው አምስት ወር ቀርቶታል። መስመሩ ጋ ቆመው፣ ሰዓቱን ይዘው፣ ስሜን በዚህ እጅዎ ይጽፋሉ። ስለዚህ ይነሱ።"

"ውጪልኝ ከቤቴ!"

"ያውጡኝ" ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ተነስተው ያውጡኝ።"

ሚስትየው በሩ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ፊሽካ በንዴት ለመዞር ታገለ፤ ግማሽ ሰውነቱ ዞረ፣ ግማሹ እንደተኛ ቀረ። ካውያ ደብተሩን አንስታ አቧራውን እፍ አለችበት። ንጹሕ ገጽ ገለጠች፤ በራሷ እስክሪብቶ ስሙን ከላይ ጻፈችበት፤ ከሥሩ "ዛሬ፦ የቀኝ እጅ አውራ ጣት፣ ሦስት ጊዜ" ብላ አከለች። ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ ቀይዋን እስክሪብቶ መዝዛ ክዳኗን በጥርሷ ከፈተች።

"ካላደረጉ አሰምርብዎታለሁ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ።"

"አልችልም፤ ያመኛል።"

"ህመም የሰነፍ ሰበብ ነው።"

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ዓመት በአፏ ውስጥ ስታላምጣት ነው የኖረችው፤ ስትተፋት ደስ አላት። የሰውየው ፊት ቀላ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። አውራ ጣቱ እንደ መንቀጥቀጥ አለችና ከአንሶላው ላይ ከፍ አለች። አንድ። ሁለት። ሦስተኛዋ ብዙ ቆየች፤ ቢሆንም መጣች።

"ሐሙስ አምስት ጊዜ ነው" አለች ካውያ። እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ወጣች።

በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣ ጀመር። በዚያ ቤት ውሃ እንኳ ቀምሳ አታውቅም፤ ሚስትየው ብትለምን ብትሠራ "ሥራ ላይ ነኝ እትዬ" ትላለች። አውራ ጣት ጭብጥ ሆነ። ጭብጡ ማንኪያ ያዘ። መቀመጥ መጣ፣ ከዚያ አልጋውን ይዞ መቆም፣ ከዚያ በሚስቱ ትከሻ ሁለት እርምጃ። ፊሽካ "ያቺ ጋኔን መጣች?" እያለ ይጠይቃል፤ ሚስቱ ግን ካውያ በምትመጣባቸው ቀናት ጢሜን ካልላጫችሁኝ ብሎ እንደሚያስቸግር ታውቃለች።

በስድስተኛው ሳምንት ስትገባ ጉልበቱ ተላልጦ፣ አገጩ ጠቁሮ አገኘችው።

"ስንት ነበር የተጻፈው?"

"ስምንት እርምጃ።"

"ስንት ሄዱ?"

"ሃያ ልደርስ ስል ወደቅኩ።"

"ማንን ሊያሳድዱ ነው?"

"አንቺን ነዋ!" አለ ጮኾ። "ቶሎ ድኜ ከዚህ ቤት ላስወጣሽ!"

ካውያ ሳቋን ዋጠችው። "ቂምዎ ከፊት ሆኖ አይምራዎት፤ ከኋላ ይከተልዎት" አለችና ስምንቱን ሰርዛ አምስት ጻፈች። ወደ ኋላ መውረድ ምን ያህል እንደሚያቃጥል እንደ እሷ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን አሳምራ ነው የጻፈችው።

ሩጫው ሁለት ወር ሲቀረው ግን ተራው የእሷ ሆነ። ሶምሶማዋ ስምንት ደቂቃ ደርሶ ነበር። ከላውንደሪው እንፋሎት ወጥታ አውቶቡስ ስትጠብቅ ብርድ መታት፤ በማግስቱ ትኩሳት፣ ሳል፣ ያው የምታውቀው ደረት። እህቷ መስፊያዋን ትታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ በዚያ ቀን አልቀለደችም፤ ካውያም ከትኩሳቱ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራት። በጣቷ ቆጠረች። ከወረደች አትደርስም ይሆናል።

በአራተኛው ቀን የፊሽካ ሚስት የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። ከደብተሩ የተቀደደ ነው፤ ፊደሎቹ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ወድቀዋል፤ በግራ እጅ መጻፉ ያስታውቃል። "ተኚ" ይላል። "ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ ሰባት ቀን እንዳትሮጪ። ከዚያ ከሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ጀምሪ። እኔ ዛሬ አሥራ ሰባት ሄጃለሁ፤ አልወደቅኩም።"

ካውያ ከአልጋዋ ላይ ቀና አለች። "አሁን ነው ያወቀው? አሁን! ያን ቀን በትኩሳት ሲያዞረኝ ይህ እውቀቱ የት ነበር?" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"የምታለቅሽው በንዴት ነው ወይስ በሌላ?" አለች እህቷ።

"በንዴት ነው!"

"እሺ፣ በንዴት ይሁን። አሁን ተኚ።"

ተኛች። ሰባቱንም ቀን አንድ ሳታጎድል ቆጠረች፤ ከስድስት ደቂቃ ጀመረች። ወደ ፊሽካ ቤት ስትመለስ ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ እኮ ያን ጊዜ..." ብሎ ጀመረ።

"ይቅርታዎን ለራስዎ ያስቀምጡት" አለችው። "እኔ የምፈልገው እርምጃዎን ነው። ይነሱ።"

ሩጫው ሲቃረብ ፊሽካ ከቤቱ በር እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ያለ ምርኩዝ ሠላሳ ስምንት እርምጃ ሄደ። ካውያም ዘጠኝ ደቂቃ ሮጣ አንድ ደቂቃ መራመድ ቻለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወረቀቱ ላይ አስልታ አሳየቻት። በዚህ አኳኋን ሃያው ኪሎ ሜትር የሚያልቀው በአንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው፤ ድፍን አርባ ላይ። "ከዚህ አትፍጠኚ" አለቻት። "ከፈጠንሽ ትበጠሻለሽ።"

በሩጫው ቀን ጠዋት፣ ሰው ሳይሰበሰብ ካውያ ቀድማ መጣች። ደብተሩ የሚጻፍበትን የክበቡን ተጣጣፊ ጠረጴዛ ከሁልጊዜው ቦታው ከመስመሩ አጠገብ አነሳችና እርምጃዋን እየቆጠረች ወሰደችው። ሠላሳ ስምንት ላይ ቆም አለች። ትንሽ አሰበችና ሁለት ጨመረች።

ፊሽካ በሚስቱ ታግዞ መጣ፤ ሸሚዙ ነጭ፣ ኮሌታው እንደ ካርቶን የቆመ። ማን እንደተኮሰው ግልጽ ነው። የክበቡ ሰዎች ከበቡት፤ እሱ ግን አንገቱን አስግጎ ሰልፉን ያይ ነበር። ካውያ ቀይዋን እስክሪብቶ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ከኋላ ቆማለች።

የመጀመሪያው ዘጠኝ ደቂቃ ሲሞላ ተራመደች። ሁሉም ተግተልትሎ አለፋት። ያን ቀን ሜዳው ላይ የሳቀው ሰው ራሱ ሲያልፍ "አይዞሽ እናቴ፣ ገና ከአሁኑ?" አላት። ቂሟ ጆሮዋ ሥር "ተከተይው!" አለ። "ኋላዬ ሁን" አለችው። ዘጠኝ ሮጠች፣ አንድ ተራመደች። ደግማ ዘጠኝ፣ ደግማ አንድ። በአሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ያን ሰውዬ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጡንቻውን ሲያሽ አገኘችው። አላናገረችውም፤ ሰላምታ ስትሰጠው ግን ጥርሷ ሁሉ ታየ።

ጅማቷ በአሥራ ስድስተኛው ላይ መናገር ጀመረ። እስኪጮኽ አልጠበቀችም፤ እርምጃዋን አሳጠረች። የሚያስፈራት ሌላ ነገር ነበር። ሰውየው ቢያዝንላትስ? አርባዋ ሞልታ አውራ ጣቱ ለእሷ ሲል ቢዘገይስ? በርኅራኄ የተጻፈ ስም ምን ያደርግላታል! እንዲያ ከሚሆን መንገደኛ ሆና ትቅር።

የመጨረሻው ዘጠኝ ደቂቃ ሲያልቅ መስመሩ ታያት፤ መቶ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓቷ አንድ ከሠላሳ ዘጠኝ ይላል። በወረቀቱ መሠረት አሁን መራመድ አለባት፤ ከተራመደች አርባው መስመሩ ላይ ይይዛታል። ከመስመሩ ማዶ ያ ነጭ ሸሚዝ ቆሟል፤ ሰዓቱን በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ናት። ፊቱ ላይ አንዲት የርኅራኄ ምልክት የለም። ካውያ ደስ አላት። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቂሟን "በል፣ ቅደም" አለችውና ለቀቀችው።

"አንድ ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሰከንድ!" አለ ፊሽካ ባልተስተካከለ አፉ። ትንሽ ቆይቶ አርባዋ ሞላች። ሌላ ሴት አሥር እርምጃ ቀርቷት ነበር፤ አውራ ጣቱ አልዘገየችም።

ስምንት ሴቶች ገብተዋል፤ ካውያ የመጨረሻዋ ናት። ፊሽካ ሊጽፍ ዞረ፤ ጠረጴዛው በቦታው የለም። ፈለገው። ከሩቅ አየው። ከዚያ ዓይኑ ሕዝቡን ትቶ ካውያን ፈለገ፤ አገኛት።

ሚስቱ ክንዱን ልትይዝ ተነሳች። "ይተዉት እትዬ" አለች ካውያ። ምርኩዙን ለሚስቱ ሰጠና ጀመረ። ክበቡ በሙሉ መንገድ ለቀቀ። አሥር ላይ ደህና ነበር። ሃያ ላይ ቀኝ እግሩ አስፋልቱ ላይ ትጎተት ጀመር። ሠላሳ ላይ ኮሌታው በላብ ሟሸሸ። ካውያ ከጎኑ እየሄደች በሆዷ ትቆጥራለች፤ እጇን አልዘረጋችለትም። ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ። ከዚህ በላይ ሄዶ አያውቅም። ጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ቀርቶታል፤ ሠላሳ ሰው ያየዋል።

"ምን ያዩኛል?" አለችው ዝቅ ብላ። "አልቆልዎታል?"

በዓይኑ ሊበላት ደረሰ። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ወንበሩን ትቶ እንደቆመ ደብተሩን ገለጠ። ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ ነው። ካውያ ቀይዋን እስክሪብቶ ከፀጉሯ ነቅላ ሰጠችው።

ሰባቱን ስሞች በተራ ጻፈ፤ እያንዳንዷ ስም እድሜ ፈጀች። የካውያ ስም ላይ ሲደርስ እጁ ዝላ ነበር። ፊደሎቹ ተንሻፈፉ፣ አንዷም ከመስመሩ ወጣች፤ ግን ጻፋት፤ ከነአባቷ ስም፣ ከነደቂቃዋ፣ ከነሰከንዷ። ካውያ አጎንብሳ ፊደል በፊደል አየችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማንም እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲጠጣ ያፍራል ይባላል፤ እሷ ምንም አላፈረችም።

ፊሽካ ገጹን ወደ ኋላ ገለበጠ፤ የራሱ ስም የተጻፈበት፣ ከአውራ ጣት ጀምሮ የወረደው ዝርዝር ወጣ። እስክሪብቶዋን ለእሷ ዘረጋላት።

"በይ" አለ ሰው ሁሉ እየሰማ። "አሁን አሰምሪ። ተራሽ ነው።"

ካውያ እስክሪብቶዋን ተቀበለች። ክዳኗን ገጠመች፣ ፀጉሯን ጠቀለለችና መልሳ ሰካቻት።

"ነገ አርባ ሁለት ነው" አለችው። "ካልደረሱ ያኔ አሰምርብዎታለሁ።"